የሽጉጡ ግራ ጉንጭ

ንጋት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ከቤት የወጣሁት ወፍ ሲንጫጫ ነው። ጭጋጉ ከእንጦጦ ወርዶ ሰፈራችን ላይ ተኝቷል። የመንገዱ መብራቶች እንደበሩ ናቸው። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ከተሰለፉት ሰዎች ከወገብ በላይ ብቻ ይታያል፤ ቀሪውን ጭጋጉ ወስዶታል። በጥቁር ኮቴ የውስጥ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለች፣ መዳፍ የማትሞላ ቁራጭ እንጨት ይዣለሁ። የዛሬው ጉዞዬ ረጅም አይደለም። ከከተማው አንድ ጥግ ተነስቼ ሌላው ጥግ ላይ እወርዳለሁ፣ በቃ። ሆኖም ሐረር ስሄድም ሆነ ጎንደር ስሄድ ልቤ እንዲህ አልመታም።

የዚህ ገጽ አንባቢዎች አመሌን ታውቁታላችሁ። አሮጌ ሽጉጥ እሰበስባለሁ። የሚተኮስ እንዳይመስላችሁ። እኔ የምወደው የዛሬው ዓይነት ጥይት ከመምጣቱ በፊት የተሠሩትን ባለ ስድስት ጎራሾች ነው፤ ስድስቱ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ባሩድና የእርሳስ አረር የሚጎርሱ፣ ከኋላቸው ደግሞ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል የመዳብ ቆብ የሚደፋላቸው። እኔ ዘንድ ያሉት ሁሉ አፈሙዛቸው በብየዳ የተደፈነ፣ ወረቀታቸውም የተሟላ ነው። እውነቱን ለመናገር ብረቱ ብዙም አይገደኝም። የሚይዘኝ እጀታው ነው። ፈረንጅ ብረቱን ሠርቶ ይልከዋል፤ እዚህ እጁ የገባ ሰው እጀታውን ነቅሎ በአገሩ እንጨት፣ በአገሩ ጠራቢ ያስቀርጸዋል። ሐረግ ያስቀርጻል፣ የቆቅ ላባ ያስቀርጻል፣ አንዳንዱም የሚወደውን በሬ ቀንድ ያስቀርጻል። ዕድሜዬን ሙሉ ስዕል አስተምሬ እንደነዚያ ያለ መስመር ሰሌዳ ላይ አላወጣሁም፤ ይህ ደግሞ ያናድደኛልም፣ ደስ ያሰኘኛልም።

ኅዳር ላይ መርካቶ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ከሚነግድ ደንበኛዬ አንዱን ገዛሁ። እጀታው ግራና ቀኝ ሁለት እንጨት ነው፤ ብረቱን ከሁለት ወገን አቅፈው በአንድ ብሎን ይያያዛሉ። እኔ ጉንጭ እላቸዋለሁ። ይኼኛው ቀኝ ጉንጩ ብቻ ነበረው። እንጨቱ ላይ አንገቷን ወደ ኋላ ያዞረች ወፍ ተቀርጻለች። የምታየው ነገር ብረቱን ተሻግሮ ግራው ጉንጭ ላይ ነበር፤ ግራው ግን የለም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይቺ ወፍ ህልሜ ውስጥ ትመጣለች። መስኮቴ ላይ አንገቷን እንዳዞረች ትቆማለች። ምን እያየሽ ነው ብዬ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እነቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደንበኛዬ ደወለልኝ። ሽጉጡን ያመጣለትን ልጅ እግር ከወልቂጤ ማዶ አፈላልጎ አግኝቶታል። "ዕቃው የአያቱ ነው። ግራው ጎን የአያቱ እህት ዘንድ ነው ያለው፤ እማማ ትርፌ ይባላሉ። ቅቤ ነጋዴ ነበሩ፣ ቤታቸው ቤቴል ነው። ሌላ የማውቀው የለኝም" አለኝ።

ባለቤቴ ሰብለ ዛሬ ጠዋት በሩን ስትከፍትልኝ "ብረቱንስ አትይዘውም?" አለች።

"ፍተሻ አለ። ጉንጯን ብቻ ባሳያቸው ይበቃል።"

"ካገኘኸውስ?"

"ካገኘሁት ማታ እንገጥመዋለን።"

"ይቅናህ" አለችኝ፤ ጭጋጉ ውስጥ ገባሁ።

አየር ጤና፣ ፀሐይ ሳትጠነክር

ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ቀይሬ ጋቢና ተቀመጥኩ። ረዳቱ በመስኮት ተንጠልጥሎ "አየር ጤና! አየር ጤና! ሁለት ሰው!" ይላል፤ ሁለት ሰው ገብቶም ሁለት ሰው ይላል። ሾፌሩ ጺሙን ያሳደገ ወጣት ነው። መብራት ላይ ስንቆም ደጋግሞ ሲያየኝ ቆየ።

"ጋሼ፣ ልብዎን ያመዎታል እንዴ?"

እጄን ደረቴ ላይ እንደጫንኩ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። "አይ፣ ኪሴን ይዤ ነው።"

"እንደሱ ከሆነ እጅዎን ያንሱ። ገንዘቤ እዚህ ጋ ነው እያሉ ለሰው እየነገሩ ነው።"

"ገንዘብ አይደለም። እንጨት ነው።"

ሾፌሩ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገው፤ እኔን ከሚያናግር ዜና መስማት የሻለው ይመስለኛል።

አየር ጤና ስንደርስ ጭጋጉ መሬቱን እየለቀቀ ነበር። ጋራዦቹ በራቸውን እያነሱ ነው። ጎማ ይንከባለላል፣ ብረት ይመታል፣ ሚኒባሶቹ ተራ እየተናጠቁ ጡሩምባ ይነፋሉ። ያን ሁሉ ጩኸት ከሩቅ እንደሚሰማ ነገር ነው የምሰማው። አንዲት ሴት ላስቲክ ዘርግታ ትኩስ የምስር ሳምቡሳ ታወጣለች፣ አንዱ ሃያ ብር። ጾም ስለሆነ ሰው ከቧታል። ሁለት በሻይ በላሁና መሐረቡን ገለጥ አድርጌ ወፏን አየኋት። በጠዋቱ ብርሃን ዓይኗ ውስጥ ጠራቢው የተዋት አንዲት ነጥብ ታበራለች። ዛሬ አውቃለሁ አልኩ፣ ምን እንደምታዪ ዛሬ አውቃለሁ።

ቤቴል

ቤቴል ጸጥ ያለ ነው። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች በአጥር ሥር ይሄዳሉ፣ ክሊኒኮቹ ደጃፋቸውን ያጥባሉ። የተባለውን ቤት ብዙ ሳልጠይቅ አገኘሁት። በሩን የከፈቱልኝ ጋቢ የደረቡ ዘበኛ ናቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ኮቴ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ።

"እማማ ትርፌን ፈልጌ ነበር" አልኩ።

"ለመርዶ ነው?"

"ኧረ አይደለም። ለዕቃ ነው።"

"ተመስገን። ጥቁር ለብሶ በጠዋት ሰው የሚፈልግ ሰው አልወድም።" ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "የሉም። ይኼን ቤት አከራይተው ወደ ድሮ ቤታቸው ኮልፌ ተመልሰዋል። ልባቸውን ካመማቸው ወዲህ ዝምታው አልተስማማኝም፣ የገበያ ድምፅ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም አሉ። ቅቤ ተራ ሄደህ አስካለን ጠይቅ፤ ልጃቸው ናት።"

አመስግኜ ወጣሁ። የገበያ ጫጫታ እንቅልፍ የሚያመጣላትን ሴት ገና ሳላያት ወደድኳት።

ኮልፌ፣ ረፋድ

ኮልፌ ስገባ ደመናው ዝቅ ብሎ ነበር። መንገዱ ዳር ቀርከሃ የሚሰነጥቁ፣ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ፣ ሽንኩርት በጆንያ የሚያወርዱ አሉ። ቅቤ ተራ ግን ጾም ስለሆነ ተቀዛቅዟል። ሴቶቹ ለፋሲካ የሚሆነውን በኮባ ቅጠል እየጠቀለሉ ይጨዋወታሉ። ሽታው ኮቴ ላይ፣ ጸጉሬ ላይ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። የአስካለን ቤት በጣት አሳዩኝ፤ ከሱቆቹ ጀርባ ያለች ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ናት።

በሩን የከፈተችው ራሷ ነበረች፤ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ እጇ እስከ አንጓዋ በቅቤ የወዛ ሴት። ማን እንደሆንኩ በአጭሩ ነግሬያት መሐረቡን ፈታሁ። ብዙ ማስረዳት አልወድም፤ ዕቃው ራሱ ይናገራል ብዬ ነው።

ወፏን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ከየት አመጡት?"

"ገዝቼው ነው። ሌላኛው ጎን እናትዎ ዘንድ አለ ሲሉኝ..."

"ቀስ ይበሉ።" ወደ ቤቱ ዞራ አየች። ከዚያ እንጨቱን ከነመሐረቡ ከእጄ ወስዳ ራሷ ኪሴ ውስጥ ከተተችው፤ ኮቴን ቅቤ በቅቤ አደረገችው። "አጎቴ ወልዴ አርፏል" አለች በሹክሹክታ። "መስቀል ሊደርስ ሲል። እማዬ አልሰማችም። ልቧን ታማ ተኝታ ስለነበር ሐኪሙ ትንሽ ትጽና አለን፤ እኛም ዛሬ ነገ ስንል ይኸው እዚህ ደረስን። ይኼን ካየች አበቃ። አጎቴ በሕይወት እያለ ከእጁ የሚወጣ ነገር አይደለም።"

"እኔ የገዛሁት ከነጋዴ ነው፤ ነጋዴው ከአንድ ልጅ እግር..."

"የልጅ ልጁ ነው" አለችና ዓይኗን ጨፈነች። "የልጅ ነገር። ምን አውቆ።"

በእኛ አገር የሞት ወሬ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማን አፉን እንደሚከፍት ይመከራል፣ ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል፣ ውኃ የያዘ ሰው ከጎን ይቆማል። እኔ ግን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስቼ በመሐረብ ጠቅልዬ ይዤው መጥቻለሁ፤ መንገድ ላይም ሳምቡሳ እየበላሁ አይቼዋለሁ። በጣም አፈርኩ። ይቅርታ ጠይቄ ልመለስ ስል ከውስጥ ድምፅ መጣ።

"አስካለ፣ ማነው?"

"እንግዳ ነው እማዬ። አሮጌ ዕቃ የሚያይ ሰው።"

"ይግባ እንጂ፤ ምን በር ላይ ያስቆመዋል?"

አስካለ አየችኝ። አሁን ብሄድ ጥያቄው ይበዛል። ኮቴን ቆልፌ ገባሁ።

ኮልፌ፣ እኩለ ቀን

እማማ ትርፌ አልጋቸው መስኮት ሥር ነው። ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ትንሽ፣ ነጭ ጸጉራቸው ከሻሹ ሥር የወጣ፣ ዓይናቸው ግን ሰውን መዝኖ ዋጋ የሚያወጣ ሴት ናቸው። በመስኮቱ የገበያው ድምፅ ይገባል፤ አንዱ ይጣራል፣ ሌላው ይሳደባል፣ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። አስካለ ቆጮና ጎመን አቀረበችልኝ። ቆጮው ለስላሳ ነው። ክፍሉም ሞቅ ብሎ የሚያስተኛ ዓይነት ነው፤ ያ ሁሉ ፍርሃት ውስጤ እያለ ደስ አለኝ ብላችሁ ትታዘቡኝ ይሆናል።

"ምንድነው የምትሰበስበው?" አሉኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። "የአሮጌ ሽጉጥ እጀታ። የተቀረጸውን።"

ሳቁ። "እኔ ዘንድ አለ። ግን ግማሽ ነው።"

አስካለ ሳህን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። እማማ ትርፌ ከትራሳቸው ሥር አሮጌ የጣሳ ዕቃ አወጡ፤ ክዳኑን ሲከፍቱት ውስጡ በቅቤ የታሸ ጨርቅ ነው። ከጨርቁ ውስጥ ግራው ጉንጭ ወጣ።

"አባቴ ሽጉጡን ላንቺ ነው ይለኝ ነበር። እወለውልለት የነበርኩት እኔ ነኛ። ሲሞት ግን ወንድሜ ወልዴ ሴት ልጅ ሽጉጥ ምን ያደርግላታል አለ። ተጣላን፤ ዓይንህን ለአፈር ተባባልን። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ምን አደረጉ መሰለህ? ብሎኑን ፈቱት። ብረቱና ቀኙ ለወንዱ፣ ግራው ለሴቷ፤ ሙሉ ሽጉጥ ያማረው ሌላኛውን ይፈልግ አሉን። አንድ ጎኑ የሌለ እጀታ አይጨበጥም፤ ብረቱ እጅ ይበላል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ታረቅን። እኔ እዚህ ቅቤ እነግዳለሁ፣ እሱ አገር ቤት። በየመስቀሉ እሄዳለሁ። ገና በር ስገባ 'አመጣሽው?' ነው የሚለኝ፣ ሰላም ሳይለኝ። ክትፎው ሳይቀርብ ብሎኑን ያጠብቀዋል። አንድ ቀን ሙሉ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይውላል። ስመለስ ይፈታልኛል።" እንጨቱን በአውራ ጣታቸው አሹት። "ባለፈው መስቀል ታምሜ ቀረሁ። አኩርፎ ነው መሰለኝ አንዴም አልደወለም። ይቺ ደግሞ ኔትወርክ የለም ትለኛለች።"

አስካለ ወደ ጓዳ ገባች።

ጉንጩን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። በቅቤ ብዛት ጠቁሮ እንደ ቆዳ ለስልሷል። ዳር ዳሩ ላይ የቀኙ ዓይነት ሐረግ አለ፤ የእኔዋ ወፍ የምታይበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ልሙጥ። ጣቴን ባስኬደው ባስኬደው ምንም የለም።

"እዚህ ላይ ምን ነበር?"

"እሱ ነው ጥላችን። ልጅ ሆኜ በጣቴ ሳሸው ሳሸው ጠፋ። እኔ ወፍ ነበረች እላለሁ። ወልዴ የእንሰት ቅጠል ነው ይላል። በየመስቀሉ እንጨቃጨቃለን፤ ማንም ረትቶ አያውቅም።"

ያን ጊዜ የተናገርኩትን የተናገረው ሰብሳቢው ነው፣ እኔ አይደለሁም። "ይሸጡልኝ ይሆን?"

እማማ ትርፌ በነጋዴ ዓይናቸው ትክ ብለው አዩኝ። "ወልዴ የሱን ከሸጠልህ እኔም የኔን እሸጥልሃለሁ። እሱ ግን በነፍሱ እያለ አይሸጥልህም።"

እጄ ወደ ደረቴ ሄደ። የወልዴ ጉንጭ እዚያው ነው፣ በጨርቁ በኩል ጠርዙ ይሰማኛል። ማውጣት ብቻ ነው የቀረኝ። ያን ያህል ሰዓት፣ ያን ያህል ህልም፣ አሁን አንዲት መሐረብ ትለየናለች። ስስት እንዲህ ያለ ነገር እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አፍ ያደርቃል። ዝናቡ በረታ። እማማ ትርፌ ይጠብቁኛል።

"ልክ ነዎት" አልኩ። "እሳቸው አይሸጡም።"

"ምነው፣ ልብህን ያምሃል እንዴ?" አሉኝ እጄን እያዩ።

"ትንሽ።"

"እኔንም ያመኛል። ተጠንቀቅ ልጄ፤ ቀልድ አይደለም።" ትራሳቸውን አስተካከሉና "ለዕቃህ ብለህ አገር ትዞራለህ፤ ወደኛ አገርስ ትሄዳለህ?" አሉ።

"እሄዳለሁ" አልኩ። ይህችን ውሸት ማን አፌ ውስጥ እንደከተታት አላውቅም።

ጉንጩን ልመልስላቸው ስዘረጋ ጣቶቼን አጠፉብኝ፤ እጃቸው ሞቃት ነው። "እንግዲያው ስጥልኝ። እኔ ከእንግዲህ መንገድ አልችልም። አኩርፋ ቀረች እንዳይል። ሙሉውን እሱ ይያዘው። ደግሞ ቅጠል ነው ብላለች በለው። ረትቶኛል በለው፤ ደስ ይበለው።"

አንገቴን ነቀነቅሁ።

በሩ ላይ ጉንጩን ለአስካለ ልሰጣት ሞከርኩ። አልተቀበለችኝም። ዓይኗ ቀልቷል።

"እማዬ ቤት ውስጥ ካገኘችው እንዳልሄዱ ታውቃለች። እርስዎ ጋ ይቆይ። ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ እሺ ካለን እናረዳታለን። ያን ዕለት እርስዎም ይምጡ፤ ብረቱንም ይዘው።"

"እኔ ባዕድ ሰው፣ ለመርዶ..."

"ከእንግዲህ ምን ባዕድ አለ?" አለችና ኮቴ ላይ የቀረውን ቅቤ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግልኝ ሞከረች። ይበልጥ ተስፋፋ።

ወደ ቤት

የተመለስኩት በዝናብ ነው። የታክሲው መስታወት ስለላበው ከተማው ቀለም ብቻ ሆኗል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ እንደገና ቀይ። ቀኙን በቀኝ ኪሴ፣ ግራውን በግራ ኪሴ አድርጌአለሁ። አንድ ላይ ላደርጋቸው አልፈቀድኩም፤ መስቀልም አይደል፣ ወልዴም የለ። ከጎኔ የተቀመጠችው ተማሪ አንቀላፍታ ትከሻዬ ላይ ወድቃለች። ቅቤ ቅቤ ስሸትባት መሰለኝ በእንቅልፏ አፍንጫዋን አሸችው።

ቤት ስደርስ ሰብለ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አውጥታ፣ ካቻቢቴውን ከጎኑ አስቀምጣ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

"አገኘኸው?"

"አገኘሁት።"

"ታዲያ ግጠመው።"

"የኔ አይደለም" አልኳት። ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ስጨርስ ካቻቢቴውን አንስታ መሳቢያ ውስጥ መለሰችው።

አንድ ነገር ግን ማድረግ ነበረብኝ። ለተማሪዎቼ አስተምረው የነበረ ነገር ነው፤ ዓይን የማያየውን፣ ጣትም የማያገኘውን ጎድጓዳ ወረቀትና ለስላሳ እርሳስ አንዳንዴ ያገኘዋል። ስስ ወረቀት በግራው ጉንጭ ላይ አለበስኩና እርሳሱን አጋድሜ በቀስታ አሸሁት። መጀመሪያ ሐረጉ ወጣ። ቀጥሎ ልሙጡ ቦታ ላይ አንድ ረጅም ቅስት ብቅ አለ፤ የቅጠል አከርካሪ ነው አልኩ፣ ወልዴ እውነቱን ነው። ደግሜ አሸሁት። ቅስቱ ጫፍ ላይ መንቁር ወጣ። ከመንቁሩ በላይ ደግሞ ጠራቢው የተዋት አንዲት ነጭ ነጥብ።

ሰብለ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ አየችው።

"ወፍ ናት" አለች።

ወረቀቱን ከቀኙ ጉንጭ አጠገብ አስቀመጥኩት። ሁለቱ ወፎች በብረቱ ግራና ቀኝ ሆነው ይተያያሉ።

ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ ጥቁሩ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሰብለ ቅቤውን ላጥብልህ ብላ ኮቱን ልትወስድ ነበር፤ ተይው አልኳት። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ የምለብሰው እሱን ነው።